ኦማርን ድሮፕ ያደረጉት ዕለት

በእኛ ጊዜ… በእኛ ጊዜ ስል ደግሞ የጃንሆይን ዘመን እንዳይመስላችሁ፤ እዚሁ አትላንታ፣ ይሄ በስልክ የሚጠራው መኪና ሳይመጣብን፣ ኤርፖርት ታክሲ የምንነዳበትን ጊዜ ነው የምላችሁ። በእኛ ጊዜ ሰው ልጁ ከቲም ሲቀነስ እንዳንተ ጣቱን እየቀሰረ ሜዳ መሀል አይገባም ነበር። ውሸቴን ነው፣ ይገባ ነበር። ቆይ ሳምሶን፣ አትነሳ፣ ቁጭ በል። ዛሬ አይቼሃለሁ። ሰላምም አይታሃለች፣ ሚስትህ ስለሆነች ዝም አለች እንጂ። ልጃችሁ ግብ ጠባቂ ናት፣ አንድ ኳስ ከእጇ አመለጣት፣ ከዕረፍት በኋላ አሰልጣኙ አስወጣት፤ አንጀትህ ተቃጠለ፣ ገባኝ። ሰውዬው ላይ ጮህክበት፣ እሱም ይሁን። ግን መኪና ውስጥ ወደ ኋላ ዞረህ "አንቺም እኮ የሕፃን ኳስ ነው የለቀቅሽው" ስትላት ሰማሁ፣ እና ልጅቷ እዚህ ስኔልቪል እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፣ ይኸው ከምሳ እንደተነሳን ፎቅ ላይ ወጣች። ታዲያ ስለ አንድ ሰው ላጫውትህ። ስለ ያዕቆብ።

ኤርፖርት ታክሲ ማለት መንዳት እንዳይመስልህ፣ መጠበቅ ነው። ሎት የምንለው ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ነበረ፣ እዚያ ገብተህ ላይን፣ ተራ ማለት ነው፣ ትይዛለህ፣ ተራ አስከባሪው ዲስፓቸር እስኪጠራህ ግማሽ ቀንህ ያልቃል። አበሻው በቆርኪ ዳማ ይጫወታል፣ አንዱ ይሰግዳል፣ አንዱ ወንበሩን አጋድሞ ያንኮራፋል። እና ከእኛ መሀል ያቁብ የሚባል ፓኪስታኒ ነበር፤ እኛ ያዕቆብ አልነው፣ እሱም ወደደው፣ "ያቆብ ነኝ፣ ያቆብ" እያለ ራሱን በአበሻ ስም ይጠራ ጀመር። ጨዋ ሰው ነው፣ ድምፁ አይሰማም። ክሪኬት ያለ ቀን ግን ያ ሰው የለም! ስልኩን መሪው ላይ ያቆማትና መስኮቱን ዘግቶ በገዛ ቋንቋው ይጮሃል፣ ይሳደባል፣ ጭኑን ይመታል። እኔ መጀመሪያ ከሚስቱ ጋር የተጣላ መስሎኝ፣ እግዚአብሔርን እውነቴን ነው፣ ሄጄ መስኮቱን አንኳኳሁና "ወንድሜ፣ ተረጋጋ፣ ትዳር ነው፣ ያልፋል" አልኩት። ስልኩን አዙሮ ሲያሳየኝ ነጭ የለበሱ ሰዎች ሣር ላይ ቆመዋል። ምንም አያደርጉም፣ ቆመዋል።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"ክሪኬት ነው። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል።"

"እንደኛ ገና ጨዋታ ነዋ! ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"ዋናው? አምስት ቀን።"

"አምስት ቀን?"

"በመሀሉ ምሳ አለ" አለኝ፣ እንዳላኮርፍ። "ሻይም አለ።"

"ያዕቆብ፣ ይሄ እኮ ሰርግ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም!"

እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሪዬ ሆነ። ሁሉንም አልነግርህም፣ እኔም ሁሉ አልገባኝም፣ ይቺን ብቻ ያዝልኝ፦ የመታው ሰው ኳሷን ወደ ሰማይ ከላካት፣ ከሌላው ቡድን አንዱ መሬት ሳትነካ በእጁ ከቀለባት፣ በቃ፣ መቺው ወጣ፣ አለቀለት። ካልቀለባት ደግሞ መቺው ነፍሱን አገኘ ማለት ነው፣ እንደገና ይመታል፣ ያጠፋሃል።

ታዲያ ያዕቆብ እንደዚያ የሚጮኸው ለምን መሰለህ፣ ልጅ አለው። ኦማር ይባላል። ትልቅ ሰው ነው፣ ፂሙ እስከዚህ፣ ፒችትሪ ኮርነርስ አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሑድ ግን ክሪኬት ነው ሕይወቱ። እና አሜሪካ የክሪኬት ብሔራዊ ቡድን አላት። አትሳቅ! እኔም ስቄ ነበር። አላት፤ የሕንዱም፣ የፓኪስታኑም፣ የካሪቢያኑም ልጅ ተሰብስቦበት። እና በየጊዜው የተመረጡት ሰዎች ስም ሲወጣ ያዕቆብ ያንን ስም እያነበበ ይቃጠላል። "ይሄ የሴሌክተሩ፣ የመራጩ፣ ሰፈር ልጅ ነው! ይሄ ከጀመረ ወዲህ ምንም አልሠራም! የኔ ልጅ ከዚህ ሁሉ በምን ያንሳል? እዚህ አትላንታ ስለሆነ ዓይን አያየውም!" ይላል። ጌታቸው፣ ጓደኛዬ ጌታቸው፣ ታውቀዋለህ፣ ከዳማው ቀና ይልና "ሰው የለውማ! ሰው ካላስገባህ የት ትገባለህ" ይለዋል። እኔ ደግሞ "ጌታቸው፣ አንተ ዝም በል፣ እኛ የቤተ ክርስቲያን ቦርድ መርጠን ሳንኳረፍ ቤታችን የገባንበት ቀን የለም፣ በሰው ምርጫ ምን አፍ አለን" እለዋለሁ። እውነቴን እኮ ነው። መራጭ መሆን ከባድ ነው፤ የተመረጡት አስራ አንዱ ሲመርቁህ ሌላው ሁሉ ይረግምሃል።

እና በስተመጨረሻው ኦማር ተመረጠ! ያዕቆብ ያን ቀን ሎት ውስጥ እየዞረ የሁሉንም መኪና መስኮት አንኳኳ። በማግስቱ በወተት የተሠራ ጣፋጭ፣ ይህን የሚያህል ትሪ ሙሉ፣ ሚስቱ ሌሊቱን ስትሠራ ያደረች፣ ይዞ መጣ። ቀኑ ዓርብ። እኛ ትሪውን እናያለን፣ እርስ በርስ እንተያያለን።

"ጾም ነው ያዕቆብ" አልኩት።

"ምን ጾም? ሮመዳን እኮ ገና ነው!"

"የኛ ነው። ዓርብ ነው።"

"ወተት ነው እኮ፣ ሥጋ አይደለም!"

"ወተትም አይሆንም።"

"ታዲያ እናንተ ምንድን ነው የምትበሉት?" ብሎ አዘነልን። ሙስሊሞቹ በሉ፣ እኛ ድርሻችንን በወረቀት ጠቅልለን ለቅዳሜ አስቀመጥን። ያ ሁሉ ሎት በአንድ ቀን የአሜሪካ ክሪኬት ደጋፊ ሆነ ብልህ ማጋነን አይደለም። ፓሴንጀር ስጭን እንኳ "የጓደኛዬ ልጅ ለአሜሪካ ይጫወታል" እላለሁ፣ "በምን?" ሲሉኝ "በክሪኬት" እላለሁ፣ እና አሜሪካኖቹ "እኛም እንጫወታለን እንዴ?" ይሉኛል። እኔ ነኝ አገራቸውን የማስተዋውቃቸው።

ከዚያ ውጭ አገር ሄደው ውድድር ገጠሙ። ጨዋታውን በያዕቆብ ስልክ ነው ያየነው፣ ስምንት ራስ በአንድ መስኮት። የመጨረሻው ላይ አሜሪካ ልታሸንፍ ትንሽ ቀርቷታል፣ ያ የሌላው ቡድን መቺ ኳሷን ወደ ሰማይ ላካት። ወጣች፣ ወጣች፣ ወጣች፣ ከስክሪኑ ጠፋች። ከሥሯ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ኦማር! ጌታቸው "አለቀ፣ ያዘው፣ አለቀ!" ብሎ አጨበጨበ። ኦማር እጁን ዘረጋ፣ ኳሷ እጁ ላይ አረፈች፣ እና ወጣች። ተንሸራታ መሬት ላይ ቁጭ። ከዚያ በኋላ መቺው ምን ምሕረት አለው? እየመታ እየመታ ጨረሳቸው። አሜሪካ ተሸነፈች።

ያዕቆብ፣ ሌላ ጊዜ የሚጮኸው ሰው፣ ስልኩን አጠፋ፣ ተራው ደርሶ ነበርና ፓሴንጀሩን ሊጭን ሄደ። ኢንተርኔቱ ላይ ግን አይጣል ነው። "አያቴ በአንድ እጇ ትይዘዋለች" የሚለው አለ፣ "በአባቱ ታክሲ ወደ ቤቱ ላኩት" የሚለው አለ። ጌታቸው ልጁ እያነበበለት "ማን ነው ይሄ? የት ነው የሚኖረው?" እያለ ሊደባደብ ይነሳል።

ጥቂት ሳምንት አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ ያዕቆብን መኪናው ውስጥ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አየሁት። በሩን ከፍቼ አጠገቡ ገባሁ።

"ምን ሆንክ?"

"ድሮፕ አደረጉት ታደሰ። ኦማርን ድሮፕ አደረጉት።"

አሁን አስተውልልኝ ሳምሶን። እኔ የታክሲ ሰው ነኝ። ድሮፕ ማለት ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሰው ከመኪና ማውረድ ነው፤ ዲካተር ድሮፕ አደረግኩ፣ ሆቴል ድሮፕ አደረግኩ፣ በቃ። ሌላ ድሮፕ አላውቅም።

"የት ነው ድሮፕ ያደረጉት?" አልኩት።

"እንዴት የት? ድሮፕ አደረጉት እኮ ነው የምልህ! እናቱ እንደነገረችኝ ስልክ እንኳ አልደወሉለትም። እንዲሁ ጣሉት!"

"አሁን የት ነው ያለው?"

"ምን አውቃለሁ! ቢሮው ስደውል ወጥቷል አሉኝ። ስልኩን አያነሳም!"

"እነማን ናቸው?"

"ሴሌክተሮቹ ናቸዋ! ሌላ ማን ሊሆን!"

በቃ፣ የመረጡት ሰዎች ራሳቸው በቲሙ ቫን ይዘውት ሲሄዱ ነው አልኩ በልቤ። በዚያች ኳስ ምክንያት መንገድ ላይ ተጣልተው፣ አውርደውት ሄዱ። ልጁ ዱላውን እንደያዘ ሃይዌይ ዳር ቆሞ ታየኝ! ወርጄ ወደ አበሾቹ ሮጥኩ። "ተነሱ! የያዕቆብን ልጅ ሰዎች የሆነ ቦታ ድሮፕ አድርገውት ሄደዋል!" ዳማው ተበተነ።

"ፖሊስ ይጠራ!" አለ ጌታቸው።

"ጤና የለህም? ፂማም ልጅ ዱላ ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ፖሊስ ትጠራበታለህ?" አልኩት።

"እውነትህን ነው፣ እውነትህን ነው፣ እኛው እንሂድ!"

ላይን ጥሎ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ እኛ ነን የምናውቀው። ጠዋት የያዝከውን ተራ ትተህ ሄድክ ማለት ስትመለስ ከኋላ ትጀምራለህ። ማንም ግን ወደ ኋላ አላለም። ዲስፓቸሩ እጁን ዘርግቶ ፊቴ ቆመ።

"ታደሰ! ያንተ ተራ ነው! የት ነው?"

"ሰው ድሮፕ ተደርጎብን ነው!"

"ድሮፕ የተደረገ ሰው እኮ ደርሷል ማለት ነው!"

ልክ ነው እኮ! ግን ማን ይሰማዋል። አንዱን ወደ ብሩክሄቨን፣ ወደ ቤታቸው ላክን፤ ጌታቸው ወደ ፒችትሪ ኮርነርስ፣ ወደ ቢሮው፤ እኔ ደግሞ እዚህ ስኔልቪል አጠገብ ልምምድ የሚያደርግበት ፓርክ ነበረ፣ ወደዚያ። ያዕቆብን ጌታቸው እጁን ጎትቶ መኪናው ውስጥ ከተተው። በኋላ ስንጠይቀው ምን አለ መሰለህ? "አበሻ ሰው ሲያዝንበት መኪናውን አስነስቶ ነው የሚያጽናና ብዬ ዝም ብዬ ገባሁ" አለ! ለቅሶ መስሎት እኮ ነው!

ፓርኩ ደረስኩ። ኦማር ብቻውን ሜዳው መሀል ቆሟል፣ የቢሮ ሸሚዙን እንደለበሰ። ኳሷን ወደ ላይ ይወረውራል፣ ይቀልባል፣ ይወረውራል፣ ይቀልባል። እየሮጥኩ ሄድኩ፣ በዚህ ጉልበቴ!

"ኦማር! ደህና ነህ? መቱህ እንዴ?"

"ማን አንክል?"

"ድሮፕ ያደረጉህ!"

"እ… አይ፣ አልመቱኝም።"

"እና እዚህ ድረስ በምን መጣህ? በእግርህ?"

"በመኪናዬ" ብሎ አሳየኝ። መኪናው ቆማለች። እኔም መኪናዋን አያለሁ፣ እሱን አያለሁ።

"ታዲያ ድሮፕ አደረጉት ያለኝ አባትህ…"

አየኝ፣ ከዚያ ገባው። "አንክል፣ ከቲሙ ነው። ከቲሙ ነው ድሮፕ ያደረጉኝ። አልመረጡኝም ማለት ነው።" ከዚያም "ያቺን ኳስ ስለቃት እሱም ድሮፕ ነው የሚባለው። እኔ ኳሷን ድሮፕ አደረግኳት፣ እነሱ እኔን ድሮፕ አደረጉኝ" አለ። ሳቀ። እንዴት እንደሳቀ! ሣሩ ላይ ተቀመጠና ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ "ድሮፕ ስደረግ ፒክ አድርጎ ሊወስደኝ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም" ይላል፤ እኔም አብሬው እየሳቅኩ ነው፣ ለካ እሱ በመሀል ማልቀስ ጀምሯል። ትልቅ ሰው እኮ ነው። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ዱላውንም ጫማውንም ልሸጠው ነው" አለኝ። "ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ።"

"በአንድ ኳስ? ያ ኢንተርኔት ላይ የሚለፈልፈው ሁሉ ሰው መሰለህ?"

"እሱን ግድ የለኝም። እነሱን አላውቃቸውም። አባቴ ግን የዚያኑ ቀን ደወለልኝ፣ ሆቴል ሆኜ። 'እኔ ሴሌክተር ብሆን አንተን አልመርጥህም' አለኝ። እሱን አውቀዋለሁ።"

ከዚያች ስልክ ወዲህ አባትና ልጅ አልተነጋገሩም ነበር ለካ፤ ያዕቆብ ያንን አልነገረንም። ይኸው ነው እንግዲህ ግንባሩን መሪው ላይ ያስደፋው።

በመሀል ታክሲዎቹ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ፣ እኔ ደውዬ "ተገኝቷል" ብያቸው ነበር። ጌታቸው ከመኪናው እየወረደ "የት ነው ያ ቫን? ታርጋውን ይዛችሁታል?" ይላል። ስነግረው አፈረ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ኳሷን ከሣሩ ላይ አነሳና ፊቱ ተለወጠ። "ይቺ ናት እንዴ? ይቺ እኮ ድንጋይ ናት!" እውነትም ስንነካት ቆዳዋ ብቻ ነው ኳስ፣ ውስጧ ድንጋይ ናት ብትል ይቀላል። "እስቲ ወርውርልኝ" አለው ለኦማር። ኦማር ወደ ላይ ላካት። ጌታቸው እጁን ዘርግቶ ቆመ፣ ቆመ፣ መውረድ ስትጀምር ራሱን ይዞ ሸሸ! ሁላችንም ሞከርን። አንድ የያዘ የለም። እኔ በጣቴ ጫፍ ነክቻታለሁ፣ ይኸው ይቺ ጣት ብርድ ሲሆን እስከዛሬ ታመኛለች።

ያዕቆብ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ያያል። አይጠጋም። ልጁም አያየውም። ቆየና ያዕቆብ ጃኬቱን አወለቀ፣ መኪናው ላይ አስቀመጠ፣ ቀስ እያለ ወደ ሜዳው ገባ።

"ለእኔም ወርውርልኝ" አለው ልጁን።

"ተው አባ።"

"ወርውር። እኛ ሰፈራችን የምንጫወተው በቴኒስ ኳስ ነበር፣ በላዩ ቴፕ ጠቅልለንበት። ይቺን ከሰማይ ስትመጣ ይዣት አላውቅም።"

ሰማህ? ያን ሁሉ ጊዜ ስልኩ ላይ የጮኸው ሰው ይዟት አያውቅም! ኦማር ወረወረ፣ ዝቅ አድርጎ። ያዕቆብ ሳታት። "ከፍ አድርግ፣ እንደዚያን ቀኑ አድርግ" አለ። ከፍ አደረገ። ትከሻውን መታችው፣ ቀጭ ስትል ሁላችንም "ኧረ!" አልን። "እንደገና" አለ። "አባ ይበቃል!" "እንደገና!" ኦማር እንባውን በእጅጌው ጠረገና ወደ ሰማይ ላካት፣ እንዴት አድርጎ! ያዕቆብ አንጋጦ ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ይላል፣ ፀሐዩ ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት አያያትም፣ ኳሷም ቀጥ ብላ ወደ አናቱ እየመጣች ነው። ኦማር ያንን ሁሉ ሜዳ ሮጠ፣ ሮጠና ከአባቱ አናት በላይ በአንድ እጁ ቀለባት። ሁለቱም አንድ ላይ ወደቁ። እኛ ጮህን! ለአሜሪካ እንደዚያ ጮኸን አናውቅም።

ታዲያ አሁን ይቅርታ ይለዋል ብለን ሁላችንም እንጠብቃለን። ያዕቆብ ሣሩ ላይ እንዳለ፣ ትከሻውን ይዞ፣ ልጁን አየውና ምን አለው? "ምሳ በልተሃል?" አለው።

"አልበላሁም" አለ ኦማር።

ተነሡ፣ በኦማር መኪና አብረው ሄዱ። ያ ነው የተነጋገሩት፣ ሌላ አልሰማንም።

— ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ ግን ኦማር ተመልሶ ተመረጠ?

አልተመረጠም ሳምሶን። ምን ላድርግልህ፣ ተመርጦ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ዱላውን አልሸጠም፣ እሑድ እሑድ ይጫወታል፣ በቃ። በእሱ ቦታ ሌላ ልጅ ገባ፣ ከሌላ ስቴት። እና በሌላው ውድድር ጊዜ እንደልማዳችን ያዕቆብ ስልክ ላይ ተሰብስበን እያየን ያ በኦማር ቦታ የገባው ልጅ ያንኑ ዓይነት ኳስ፣ ከሰማይ የመጣች፣ ለቀቀ። ጌታቸው "ይኸው! ይኸው! ኦማርን አስወጥተው ያስገቡት ይሄን ነው!" ብሎ ዘለለ። እኔም ደስ አለኝ፣ ልዋሽህ አልችልም። ያዕቆብ ግን ስልኩን ከመሪው ላይ አነሳ፣ ለኦማር ደወለና የዚያን ልጅ አባት ቁጥር ፈልግልኝ አለው። የክሪኬት ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፣ ተገኘ። እኛ እዚያው ቆመን እየሰማን ደወለ። "አታውቀኝም፣ የኦማር አባት ነኝ" አለው። "ልጅህ አሁን ሆቴል ይገባል። ስትደውልለት ስለ ኳሷ አንዳች ነገር እንዳታነሳ። ምሳ በላህ ወይ ብለህ ብቻ ጠይቀው።"

ጨረስኩ። ምን ታየኛለህ? ፎቁ እንደሆነ እዚሁ ነው። ውጣና ጠይቃት።

— ጋሼ ደግሞ፣ ምሳውን አሁን አብረን እኮ ነው የበላነው!

— አልበላችም ሳሚ፣ አለች ሰላም። ሳህኗን እንዳለ ነው ያነሳሁት።

ሰማህ? በል ተነሳ። እኔ የትም አልሄድም።